ተብላችኋል የሚለው ማሽን

ሰው ገድያለሁ። በስውር የምናዘዘው ነገር አይደለም፤ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። የገደልኩት የእድራችንን ዳኛ አቶ ይልማን ነው፤ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በስልክ። እሳቸው እግዚአብሔር ይመስገን ዛሬም ደህና ናቸው። ጠዋት ጠዋት በደጄ ሲያልፉ ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው «እስካሁን አለሁ» ይሉኛል፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ «ዕድሜ ይስጥልኝ» እላለሁ።

ይህን የምጽፈው ግን ስለ እሳቸው ሞት አይደለም። ከእሳቸው በኋላ የምር ስለሞቱት፣ እኔም ቃል ስለገባሁላቸው አንዲት አሮጊት ነው። ወደ እሳቸው እስክደርስ ትንሽ ታገሡኝ፤ መንገዱ ዳገት ነው።

የምንኖረው ከፈረንሳይ ሰፈር ሽቅብ ወደ እንጦጦ በሚወጣው በኩል ነው። ቤቶቻችን አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ቆመዋል፤ ቁጥር አላቸው ይባላል፣ ቁጥሩን ግን ከወረዳው ጽሕፈት ቤት በቀር የሚያውቀው የለም። እዚህ ዳገት ላይ ሰው ሲሞት ጡሩምባ እየነፉ፣ በየደጁ እየቆሙ «ተብላችኋል!» ሲሉ የኖሩት ጋሽ ተሰማ ናቸው። እኔ ልጅ ሆኜም እሳቸው ነበሩ የሚነፉት። አባቴ የሞተ ዕለትም የእሳቸው ጡሩምባ ነው ሰውን የሰበሰበልን።

ታዲያ አንድ እሁድ፣ በእድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ላይ፣ ጋሽ ተሰማ ጡሩምባውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው አመጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ደረቴ እምቢ አለ» አሉ። «ሐኪሙ ጡሩምባውንም ዳገቱንም ተው አለኝ። ሌላ ሰው ፈልጉ።» ይህን ብለው ተቀመጡ። ሁሉም ጫማ ጫማውን ያያል፤ በማለዳ ተነስቶ ያን ሁሉ ዳገት መውጣት የሚፈልግ ማን አለ?

እኔም ዝም ብዬ ጫማዬን ባይ ኖሮ ይኸው ዛሬ በሰላም ቁጭ ብዬ ነበር። አፌ ቀደመኝ። ሥራዬ ጉርድ ሾላ አንድ ቢሮ ውስጥ ፕሮግራም መጻፍ ነው፤ ሰፈር ውስጥ ደግሞ «ኮምፒውተር የሚያውቀው» ነው የምባለው፤ እንዲህ እየተባለ ሃያ ዓመት የኖረ ሰው ልቡ ያብጣል። ብድግ ብዬ «ማሽን እሠራለሁ» አልኩ።

አቶ ይልማ ዕድሜያቸውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያሳለፉ ሰው ናቸውና መነጽራቸውን አስተካክለው «ማሽኑ ምን ያደርጋል? በዝርዝር ይቅረብ» አሉ።

«ለእያንዳንዱ አባል ይደውላል። በሰው ድምፅ፣ በአማርኛ፣ ማን እንዳረፈና ቀብሩ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይናገራል።»

«አልሰማሁም የሚል አባል ቢኖርስ?»

«ሳያዳምጥ የዘጋ ሰው ካለ ማሽኑ ስሙን ይይዛል። ስምንት ሰዓት ቆጥሮ እንደገና ይደውልለታል። እስኪሰማ ድረስ አይለቀውም።»

«ይህ መልካም ነው። በቃለ ጉባኤ ይያዝ።»

ይህን ጊዜ ከኋላ ወንበር እማማ ዣንጥላ እጃቸውን አወጡ። እማማ ዣንጥላ ሰፈራችን ውስጥ የማንም ቀብር የማያመልጣቸው፣ ልጅም ዘመድም የሌላቸው፣ ደቃቃ አሮጊት ናቸው። ክረምት ከበጋ አንዲት ጥቁር ዣንጥላ ይዘው ይመጣሉ፤ የሚያለቅሰውን ሰው ዝናብም ፀሐይም እንዳይነካው አጠገቡ ቆመው ይይዙለታል። ሐዘንተኛው ረጅም ከሆነ በእግራቸው ጣት ይቆማሉ። ስማቸው ከዚያ መጣ፤ ሌላ ስም እንዳላቸው እንኳ ማንም አስቦት አያውቅም።

«ልጄ» አሉኝ «ማሽኑ የሰው ስም ይጠራል? ሙሉውን?»

«መዝገቡ ላይ እንዳለው፣ ሙሉውን እማማ።»

«የአባትንም? የአያትንም?»

«የአያትንም።»

«እንግዲያው ይሁን» ብለው ተቀመጡ። በእሳቸው ቃል ጉባኤው አጸደቀው።

ስንወጣ ጋሽ ተሰማ በሩ ላይ ያዙኝ። «ስማቸውን ይዘሃል። ቤታቸውንስ?» አሉኝ። «ቤት አያስፈልግም ጋሼ፣ ስልካቸው አለኝ» አልኩ። ትንሽ አዩኝና «ይሁን» አሉ። ያቺን «ይሁን» ያኔ አልሰማኋትም፤ አሁን ነው የምትሰማኝ።

እንግዲህ ወደ መከራዬ። ፕሮግራሙን የጻፍኩት ረስት በሚባል አዲስ ቋንቋ ነው። እድር ረስት ያስፈልገዋል ወይ ብትሉኝ አያስፈልገውም፤ ቢሮ ያሉት ወጣቶች ጠዋት ማታ ስለሚያወሩበት ላለመበለጥ ብዬ ነው። ነገር ግን ቋንቋው አዲስ ስለሆነ ሁሉ ነገር የለውም። ጽሑፍ ተቀብሎ በአማርኛ የሚናገር ላይብረሪ፣ ማለትም ሌላ ሰው ጽፎ ያዘጋጀው ፕሮግራም፣ ፈልጌ አገኘሁ፤ እሱ የተጻፈው በሲ ነው። ስልክ የሚደውለውም ላይብረሪ በሲ ነው። ሲ ማለት ዕድሜው ከእኔ የሚበልጥ፣ ጡረታ ውጣ ሲሉት እምቢ ያለ፣ ወጣቶቹ ቋንቋዎች ሁሉ እያሙት ተደብቀው የሚለምኑት ሽማግሌ ቋንቋ ነው።

የሁለት ቋንቋ ሰዎችን ማገናኘት ምን እንደሚመስል ለማታውቁት ላስረዳ፤ የምታውቁ ደግሞ እንባችሁን አዘጋጁ። እኔ ፕሮግራሜ ውስጥ «ተናገር የሚባል አለ፤ እሱን ጥሩልኝ» ብዬ እጽፋለሁ። የጻፍኩትን ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ያነብና «አለ ካልክ አለ» ብሎ ያሳልፈዋል፤ የዋህ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ግን ሊንከር የሚባል አለ። ሥራው ያን «ተናገር» የተባለውን ካለበት ፈልጎ፣ እጁን ይዞ አምጥቶ ከፕሮግራሜ ጋር ማገናኘት ነው። ሊንከር የዋህ አይደለም። ሊንከር የዓይን ምስክር ይፈልጋል።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቁጭ አልኩ። ሊንከር «ተናገር የሚባል አላገኘሁም» አለኝ። ፋይሉ እኮ ዴስክቶፑ ላይ ተጋድሟል! በማውሱ ነካ አደረግኩት፣ ከፈትኩት፣ ስሙን አነበብኩት። እንደገና ሞከርኩ። «አላገኘሁም።» ጠረጴዛውን መታሁት።

ባለቤቴ ሰናይት ከጓዳ «ከማን ጋር ነው የምትጣላው?» አለችኝ።

«ከሊንከር ጋር።»

«ሰውየው ምን አደረገህ?»

«አጠገቡ የተቀመጠውን አላገኘሁትም ይለኛል!»

«የት እንዳለ ነግረኸዋል?»

አልነገርኩትም ነበር። ሊንከር ለካ የሚፈልገው በለመዳቸው ሁለት ሦስት ቦታዎች ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጭ አንገቱን ዞር አያደርግም። ነገርኩት። አሁንም «አላገኘሁም» አለ። ግማሽ ቀን ከፈጀሁ በኋላ ነው ምክንያቱ የገባኝ። የሲ ላይብረሪዎች ፋይል ስም «ሊብ» ብሎ ይጀምራል፤ ሊንከርን ስትጠይቀው ግን ሊብን ትተህ ቀሪውን ብቻ ነው የምትለው። እኔ ደግሞ ትልቅ ሰው ያለ ማዕረግ አይጠራም ተብዬ ነው ያደግኩት፤ ሊብን ከነሊብነቱ ስጠራው ዋልኩ።

ይህም አለፈ። ቀጥሎ የመጣው የቅደም ተከተል ጣጣ ነው። ሊንከር ዝርዝሩን ከፊት ወደ ኋላ አንድ ጊዜ ነው የሚያነበው። እኔ የሲውን ላይብረሪ ከፊት፣ የራሴን ፕሮግራም ከኋላ አስቀመጥኩ። ለምን ቢሉ ታላቅ ይቅደም ብዬ ነዋ! ላይብረሪው ከእኔ ፕሮግራም የስንት ዓመት ታላቅ ነው። በር ላይ ስንደርስ እንኳ «ይለፉ፣ እርስዎ ይለፉ» ተባብለን ነው የምንገባው። ሊንከር ግን መጀመሪያ የመጣውን ላይብረሪ አየውና «አንተን እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም» ብሎ አሰናበተው። ከኋላ የእኔ ፕሮግራም ሲመጣና «ተናገር የት አለ?» ሲል፣ ሽማግሌው ወጥቶ ሄዷል። መልሶ መጥራት የለም። ሰነድ ይዞ የመሥሪያ ቤት መስኮት ላይ የቆመ ሰው ይህን ይረዳልኛል። ፈላጊው ይቅደም፣ ተፈላጊው ይከተል ማለት ነው ሕጉ፤ እኔ ግን ሁለት ቅዳሜና እሁድ ሙሉ ሽማግሌ ሳከብር አለፈ።

በሦስተኛው እሁድ ቤቴ ውስጥ አንዲት ሴት ተናገረች። ድምፅዋ ደረቅ ነው፤ ግን አማርኛ ነው። «ተብላችኋል» አለች። ሰናይት ከጓዳ እየሮጠች መጥታ «ማን ሞተ?» አለች። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ፕሮግራሙን በፍላሽ ይዤ፣ ኮሚቴውን ሰብስቤ፣ ድንኳንና ድስት በሚቀመጥበት በእድሩ ቤት ያለችውን አሮጌ ኮምፒውተር አስነሳሁ። አቶ ይልማ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ጋሽ ተሰማ ከኋላ። ቁልፉን ተጫንኩ። ኮምፒውተሯ «ላይብረሪው የለም» ብላ ተኛች። ደግሜ ተጫንኩ። «የለም።» «ቤቴ ይሠራ ነበር» አልኩ። አቶ ይልማ «ቀብር ሁሉ አንተ ቤት አይሆንም» አሉ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ፕሮግራሜ ላይብረሪውን ይዞ አልመጣም፤ እዚያ ስደርስ አገኘዋለሁ ብሎ ባዶ እጁን ነው የመጣው። እኛ ለቅሶ ቤት ስንሄድ እንጀራውንም ወጡንም ይዘን ነው፤ እዚያ እሳት አይነድማ። ለፕሮግራሜ ይህን አላስተማርኩትም። ቤቴ ተመለስኩና ሁለቱንም የሲ ላይብረሪዎች ከሆዱ ውስጥ አስገብቼ፣ ምንም ከማንም እንዳይለምን አድርጌ ሠራሁት። ወፍራም ሆነ፤ ግን የትም ቢሄድ የራሱን ይበላል።

አሁን ነው እንግዲህ ግድያው። ከመጨረሻው ርክክብ በፊት ልሞክረው ፈለግኩ። ስልክ ሳይደውል የደወለ የሚመስል አንድ የውሸት ላይብረሪ ጻፍኩ፤ የእሱም የእውነተኛውም መደወያ ትእዛዝ አንድ ዓይነት ስም ነው ያለው፤ «ደውል»። ሙከራ ላይ የውሸቱ ይገባና ማንም ሳይረበሽ ዝርዝሩ ከላይ እስከ ታች ሲሄድ አያለሁ ማለት ነው። የሟች ስም ያስፈልገኝ ነበር። ሰፈር ውስጥ በስምህ ልሞክር ያልኩት ሁሉ አማተበብኝ፤ ሰናይትማ «ስሜን ብታነሳ ዛሬውኑ እናቴ ቤት ነኝ» አለች። ማንም አይሰማውም ብዬ ከመዝገቡ ላይ የመጀመሪያውን ስም ወሰድኩ። አባል ቁጥር አንድ፣ አቶ ይልማ።

የውሸቱንና የእውነቱን ላይብረሪ ለሊንከር ስሰጠው ማንን ከፊት እንዳስቀመጥኩ ገምቱ። ያ ሁሉ ተምሬ! የውሸቱን የጻፍኩት ያን ዕለት ጠዋት ነው፤ የእውነተኛው ዕድሜ ጠገብ ነው። እጄ ራሱ ታላቁን አስቀደመ። ሊንከር ደግሞ «ደውል» የሚባል መጀመሪያ ካገኘ ሁለተኛውን ዞር ብሎ አያየውም። እድሩ ቤት ቁጭ ብዬ፣ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሻይ እየጠጣሁ ቁልፉን ተጫንኩ።

ስልኬ ጮኸ። አቶ ይልማ ናቸው።

«ልጄ» አሉኝ በዚያ በረጋው ድምፃቸው «መሞቴን አሁን ሰማሁ።»

ሻዩ ጭኔ ላይ ፈሰሰ።

«አንዲት ሴት ደውላ ነገረችኝ። ቀብሬ ስንት ሰዓት እንደሆነ ስትናገር ግን ኔትወርኩ ተቆራረጠ። ስንት ሰዓት ነው?»

የመጀመሪያው አባል እሳቸው ስለሆኑ የመጀመሪያው ስልክ የተደወለው ለራሳቸው ነበር። ማስቆሚያ አልሠራሁለትም ነበርና ብዙ ታግዬ በመጨረሻ የኮምፒውተሯን ገመድ ከግድግዳው ስነቅል የዝርዝሩ ግማሽ አልፏል። ሮጥኩ። እደጃቸው ስደርስ ሰው ሞልቷል፤ እድርተኛው ድንኳን ሊተክል እንጨት ተሸክሟል፤ ቆየት ብሎ ደግሞ መሪ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩት እህታቸው ከታክሲ ወርደው ደረታቸውን እየደቁ «ይልማዬ! ወንድሜ!» ይላሉ። ይልማቸው በረንዳው ላይ በፒጃማ ቆመው «አልጸደቀም፣ ገና አልጸደቀም» እያሉ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። እህታቸው ቀና ብለው ሲያዩአቸው ይብሱን ጮኹ። ያን ዕለት የተሰደብኩትን ስድብ እዚህ መጻፍ አልችልም፤ የሚበዛው ደግሞ ትክክል ነበር።

ሰው ሁሉ እያጉረመረመ ሲበተን እማማ ዣንጥላ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዣንጥላዋን ጭናቸው ላይ አጋድመዋታል። «ይቅር ይበሉኝ እማማ፣ አለፋሁዎት» አልኳቸው።

«ምን ለፋሁ? ሰው ደህና ሆኖ መገኘቱ ደስታ ነው» አሉ። ግቢውን በዓይናቸው ዞሩት። «ብዙ ሰው መጣ፤ አየህ? እህቱም መጣች። ለኔስ ጊዜ ይሄን ያህል ይመጣል?»

«እንዴታ! ከዚህም ይበልጣል።»

«መብለጡ ይቅር። አንድ ነገር ብቻ ቃል ግባልኝ። ስሜን በሙሉ ይጥራልኝ ማሽንህ። አስካለ ወልደየስ ዘለቀ ነኝ። አባቴ ያወጣልኝ ስም ነው፤ እሱ ከሞተ ወዲህ ማንም በሙሉ ጠርቶኝ አያውቅም። ዣንጥላ ሆኜ መቀበር አልፈልግም።»

እጃቸውን ስሜ «ቃሌ ነው እማማ» አልኳቸው።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ማሽኑ ይጣል ያሉ ነበሩ። አቶ ይልማ ግን ተነስተው «ማሽኑ እንደሚሠራ ተረጋግጧል፤ እኔ የዓይን ምስክር ነኝ። ጥፋቱ የሰው ነው። ሰውየው ተገሥጾ ሥራው ይቀጥል። በቃለ ጉባኤ ይያዝ» አሉ። ተገሠጽኩ። የውሸቱን ላይብረሪ ከነዘሩ አጠፋሁት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ማለዳ፣ እማማ ዣንጥላ በተኙበት አረፉ። ጎረቤታቸው አንኳኩታ መልስ ስታጣ ገብታ አገኘቻቸው፤ ሄዳም ለአቶ ይልማ ነገረች። እሳቸው ደውለው «አሁን የእውነት ነው። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት። ማሽኑን አስነሳ» አሉኝ። አንድ ሰዓት ላይ በገዛ እጄ ጻፍኩት፤ ወይዘሮ አስካለ ወልደየስ ዘለቀ። ፊደሉን ሦስት ጊዜ አየሁት። ቁልፉን ተጫንኩና ወደ ቤታቸው ሄድኩ።

ሦስት ሰዓት ሆነ። ሰው የለም። ድንኳን የሚተክል የለም፤ ወንበር የሚያወርድ የለም። አቶ ይልማ የመቃብሩን ቦታ ሊያስፈቅዱ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል፤ ጎረቤትየዋና እኔ ብቻችንን በር ላይ ቆመናል። በመጨረሻ ስልኬ ጮኸ፤ ከታች ሰፈር ያለ ወዳጄ ነው። «ደግሞ ዛሬ ማንን ገደልክ?» ብሎ ሳቀ።

«የምር ነው! ወይዘሮ አስካለ አርፈዋል!»

«አስካለ ማናት?» አለና ዘጋው።

ያኔ ነው የገባኝ። ማሽኑ ለሁሉም ደውሏል። ያቺን ደረቅ ድምፅ የሰማ ሁሉ ዘግቶባታል፤ ጥቂት ያዳመጠም ቢኖር ስሙን አያውቀውም። እድሜ ልካቸውን ከሰው ቀብር ያልቀሩ ሴት፣ የእኔ ብልጠት በበላው እምነት፣ አራት ሰው ሆነን ልንቀብራቸው ነው። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አላፍርም፤ አለቀስኩ።

«ተነሥ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጋሽ ተሰማ ናቸው፤ በከዘራቸው ተደግፈው ቆመዋል። በሌላ እጃቸው ያን ነጭ ጥቅልል ይዘዋል።

«ጋሼ፣ ሐኪሙ...»

«እኔ አልነፋም። አንተ ትነፋለህ፤ እኔ ቤቱን አሳይሃለሁ።»

የመጀመሪያው አነፋፌ ጉንፋን የያዘው ሰው ሲናፈጥ ይመስል ነበር። ጋሽ ተሰማ «ከጉንጭህ አይደለም፤ ከሆድህ» አሉኝ። ሁለተኛው ትንሽ ተሻለ። በሦስተኛው አንድ መስኮት ተከፈተ። እንዲህ እያልን ዳገቱን ያዝነው፤ እሳቸው አሥር እርምጃ ይሄዱና ግንብ ተደግፈው ያርፋሉ፣ እኔ እነፋለሁ። በብስክሌት ወደ እንጦጦ ፓርክ የሚወጡ ወጣቶች ፍሬን ይዘው ያዩኛል።

«እዚህ አትንፋ፤ አራስ አለች። ገብተህ ለእናቷ በጆሮዋ ንገራት።»

ገብቼ ነገርኩ።

«እዚህ ደግሞ መጀመሪያ አንኳኳ፤ ባሏ የሞተው ዐምና ነው፣ ጡሩምባ ያስደነግጣታል። የመዝገቡ ስልክ የእሱ ነው፤ መሳቢያ ውስጥ ተዘግቶ ተቀምጧል። ማሽንህ ሲደውል የዋለው ለሱ ነው።»

አንኳኳሁ። «ወይዘሮ አስካለ ወልደየስ አርፈዋል» አልኩ። ሴትዮዋ ግራ ተጋብታ አየችኝ። ጋሽ ተሰማ ከኋላዬ ትንፋሻቸውን ሰብስበው «እማማ ዣንጥላ» አሏት።

«እማማ ዣንጥላ! ወይኔ! ወይኔ!» ጉልበቷን መታች። «ባሌን የቀበርኩ ዕለት እኮ በዚያ ፀሐይ እስከ ማታ አናቴ ላይ የያዙልኝ እሳቸው ናቸው!» ነጠላዋን አዘቅዝቃ እዚያው ወጣች።

ከዚያ በኋላ ስሙን ተውኩት። «እማማ ዣንጥላ አርፈዋል፤ ቀብር በዘጠኝ ሰዓት፤ ተብላችኋል!» እያልኩ ዳገቱን ጨረስኩት። በየደጁ አንድ ዓይነት ነገር ነው የሰማሁት፤ የእናቴ ቀብር ላይ፣ የልጄ ቀብር ላይ፣ ያን ዝናብ ቀን። ጋሽ ተሰማ አንድም በር አልዘለሉም። ሰባት ሰዓት ላይ ከንፈሬ አብጦ፣ ጉሮሮዬ ተዘግቶ ስንመለስ ድንኳኑ ቆሟል።

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ሰው ከአቶ ይልማ የውሸት ለቅሶ በላይ ሞላ። ካፊያ ጀመረ። የእማማን ጥቁር ዣንጥላ ጋሽ ተሰማ ይዘውታል፤ ማንን እንደሚያስጠልሉ ስላላወቁ አፈሩ ላይ ይዘውት ቆሙ። ዘመድ በሚቆምበት ቦታ ላይ የሚቆም ስላልነበረ ሦስታችን ቆምን፤ ጋሽ ተሰማ፣ አቶ ይልማና እኔ። ሰው እየመጣ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ይለን ነበር።

ቄሱ ጸሎታቸውን ሲያደርሱ የጠሩት የክርስትና ስማቸውን ነው። ከዚያ የሕይወት ታሪክ ይነበባል ተብሎ ሰው ቀረብ ቀረብ አለ። የሚነበብ የለም። የጻፈ የለም። ያኔ ነው ቃሌ ትዝ ያለኝ። ከጠዋት ጀምሮ ዳገቱን ሙሉ «ዣንጥላ» ስል ውያለሁ፤ ዣንጥላ ሆነው ሊቀበሩ ነው። አንድ እርምጃ ወደፊት ሄድኩና አፌን ከፈትኩ። ድምፅ የለም። ጡሩምባው ጨርሶታል። «አስ...» አልኩ፤ ፉጨት ብቻ ወጣ። ሰው ሁሉ ያየኛል። እንደገና ሞከርኩ፤ አልሆነም።

ስልክ ጮኸ።

የአቶ ይልማ ነው። ጆሯቸው ስለደከመ ስልካቸው ሲናገር ለሁሉም ይሰማል። በድንጋጤ ከኪሳቸው አውጥተው ከፈቱት። «ይህ የእድራችሁ መልእክት ነው» አለች ያቺ ደረቅ ድምፅ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ የተቆጠረው ስምንት ሰዓት ሞልቶ ነበር። ለካ ጠዋት እሳቸውም ዘግተውባታል! አቶ ይልማ አዩኝ፤ አየኋቸው። ጣታቸው ወደ መዝጊያው ሄደ፤ ከዚያ ቆመ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ወይዘሮ አስካለ ወልደየስ ዘለቀ አርፈዋል። ቀብር ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ይፈጸማል። ተብላችኋል።»

የእሳቸው ሲያበቃ ከጎናቸው የቆሙት ሰውዬ ስልክ ጮኸ። እሳቸውም ከፍተው ከፍ አድርገው ያዙት። አስካለ ወልደየስ ዘለቀ። ከዚያ ወዲያ ማዶ የአንዲት ሴት፣ ከዚያም «አስካለ ማናት?» ብሎ የዘጋብኝ የወዳጄ። አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይቀበላል፤ ጠዋት በመዝገቡ ተራ እንደተደወለ በመዝገቡ ተራ እየጠራ መቃብሩን ዞረው። ካፊያው እየወረደ፣ ሁሉም ስልኩን በእጁ ይዞ ተራውን ይጠብቃል።

ጋሽ ተሰማ ዣንጥላዋን አስተካክለው ያዙና በጆሮዬ «አሁን ተሰማ» አሉኝ።

እስከ መጨረሻው ስም ድረስ ቆምን። አንድም ሰው አልዘጋም።